ግሡን የሚጠብቅ ደንበኛ፦ ስለ አንድ ሱቅ የድረ ገጽ ጽሑፍ ተነባቢነት

አማካሪዬ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን ርዕስ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ አላመነታሁም። የአማርኛ የንግድ ድረ ገጾች ጽሑፍ ለተራው ደንበኛ ምን ያህል ተነባቢ ነው የሚል ጥያቄ ይዤ ቀረብኩ። ርዕሱ መልካም እንደ ሆነ ገልጸው ከየት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ከንባብ ነው ብዬ መለስኩ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ርዕሱን ያገኘሁት እኔው ራሴ ከጻፍኩት ጽሑፍ ሲሆን፣ ያ ጽሑፍ ያሳደጉኝን አክስቴን አንዲት ደንበኛና የአንድ ሙሉ ትዕዛዝ ገንዘብ አሳጥቷቸዋል። በዚህ መጽሔት የሚወጡ አጫጭር የጥናት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በችግሩ ስፋት ይጀምራሉ። እኔ በጥፋቴ እንድጀምር አንባቢ ይፍቀድልኝ።

አክስቴ ሽሮ ሜዳ ሱቅ አላቸው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ሽሮ ሜዳን አያጣውም፤ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽቅብ መንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላና ቀሚስ እንደ ሰንደቅ የሚሰቀልበት ሰፈር ነው። ልብሱን የሚሸምኑት በአብዛኛው ከጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አክስቴ ከእነርሱ እየተረከቡ፣ ጥለቱን እያስመረጡ፣ በልክ እያሰፉ ይሸጣሉ። የትምህርት ቤት ክፍያዬም፣ የዩኒቨርሲቲ መመላለሻዬም የተሸፈነው ከዚሁ ሱቅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በገበያ አስተዳደር ስይዝ አክስቴ ለጎረቤት ነጋዴዎች «ልጄ ንግድ ተምሮ መጣ» ብለው ሲናገሩ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ለሱቁ ድረ ገጽ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጽሑፉን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ አላከራከረም። ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ክፍያውን ተቀበለ፤ እኔ በአንድ ምሽት ጽሑፉን አዘጋጀሁ። የመክፈቻው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦

«ድርጅታችን ከረጅም ዓመታት ጀምሮ ባካበተው ልምድና ክህሎት በመታገዝ የሀገራችንን ባህላዊ አልባሳት ዘመኑ ከደረሰበት የፋሽን ደረጃ ጋር በማጣጣምና ጥራታቸውን በጠበቀ መልኩ በማምረት በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገራት ለሚገኙ ክቡራን ደንበኞቹ በተመጣጣኝ ዋጋ በማቅረብ ላይ የሚገኝ በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነ ድርጅት ነው።»

በዚያ ምሽት በዚህ ዐረፍተ ነገር ኮርቼ እንደ ነበር አልደብቅም። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። አክስቴ ክር እያጠነጠኑ ጸጥ ብለው ሰሙ። ስጨርስ «በጣም ያምራል» አሉና ትንሽ ቆይተው «የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ እትዬ! የሱቁ ነው» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ጥያቄ ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ስልክ መደወሉ አልቀረም። ደዋዮቹ ግን ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ምን ትሸጣላችሁ? የት ናችሁ? ጋቢ አለ? ዋጋው ስንት ነው? ለመሆኑ በልክ ታሰፋላችሁ? አክስቴ እየመለሱ ይደክማሉ፤ እኔ ደግሞ ሰዎች ለምን አያነቡም እያልኩ እቆጣ ነበር። ሁሉም ጽሑፉ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። በእርግጥ አንዳንዱ ነበረ፤ ግን አምስተኛው አንቀጽ ላይ፣ በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ተቀብሮ።

ጉዳቱ የደረሰው በሠርግ ወቅት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ለራሷና ለሁለት እህቶቿ ቀሚስ አዘዘች፤ ገንዘቡንም አስቀድማ ላከች። በገጹ ላይ «እስከ ኅዳር መጨረሻ የሚቀርቡ ትዕዛዞች እስከ ጥር 10 ባለው ጊዜ ተጠናቀው ለደንበኛው የሚደርሱ ይሆናል» የሚል ነገር ጽፌ ነበር። እዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ጃንዋሪን በአማርኛ «ጥር» ይሉታል። ሠርጉ በእነርሱ አቆጣጠር ጥር 13 ነበር። የእኛ ጥር 10 ደግሞ በእነርሱ ጃንዋሪ 18፣ በአንዳንድ ዓመት 19 ነው። ቀሚሶቹ በተባለው ቀን ደረሱ፤ ሠርጉ ግን አልፏል። ሴትዮዋ በስልክ ስትናገር አልጮኸችም፤ እናቶች ሲከፋቸው እንደሚናገሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ከሌላ ሱቅ የተገኘ ልብስ ለብሰው እንደ ወጡ ነገረቻቸው። አክስቴ ገንዘቡን በሙሉ መለሱ። በልክ የተሰፋ፣ የተመረጠ ጥለት ያለበት ቀሚስ ለሌላ ሰው በቀላሉ አይሸጥም፤ ሸማኔዎቹ ደግሞ ድካማቸው ተከፍሏቸዋል። ለክር መግዣ የተበደሩትን ገንዘብ ለመክፈል ሌላ ዕቁብ እስኪወጣላቸው ጠበቁ። እኔን አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ይህም ከወቀሳው በላይ ከበደኝ።

የስህተቱ ሰበብ የቀን አቆጣጠር ብቻ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይበቃ ነበርና። ነገር ግን ጽሑፉን እንደገና ሳነበው፣ በሚያነበው ሰው ቦታ ሆኜ አንድም ዐረፍተ ነገር እንዳልጻፍኩ ተረዳሁ። ስጽፍ በዓይነ ኅሊናዬ የነበረው አንባቢ የሰርተፍኬት ማመልከቻ የሚቀበል የቢሮ ኃላፊ ነበር እንጂ ቀሚስ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ንባብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በእንግሊዝኛ የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ያኮብ ኒልሰንና ጆን ሞርክስ በ1997 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት ከተመለከቷቸው ተጠቃሚዎች 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲከፍቱ ቃል በቃል ከማንበብ ይልቅ ዓይናቸውን እንደሚያሳልፉበት፣ ቃል በቃል የሚያነቡት 16 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ገልጸዋል። ከዚህ ይልቅ የነካኝ ሌላ ክፍል ነበር። ተመራማሪዎቹ አንዱን ገጽ በተለያየ አጻጻፍ አዘጋጅተው ሲያነጻጽሩ፣ ምንም ሳያሳጥሩ ራስን የሚያወድሰውን ቃል ብቻ አውጥተው በገለልተኛ ቋንቋ ሲተኩት የገጹ ጠቃሚነት በ27 በመቶ ጨምሯል። ማሳጠሩ፣ ለዓይን ማመቻቸቱና ገለልተኛው ቋንቋ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ጭማሪው 124 በመቶ ደርሷል። «ግንባር ቀደም»፣ «የካበተ»፣ «ክቡራን» የሚሉትን ቃላቶቼን አሰብኩ። አንባቢ ውዳሴ ሲያይ እውነት ነው ወይስ አይደለም እያለ ለመመርመር ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እርግጥ የአሜሪካ አንባቢ የሽሮ ሜዳ ደንበኛ አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣትም አይገባም። ጥያቄው ግን መጣ።

ቀጥሎ በቁጥር የሚለካ ነገር ፈለግኩ፤ ተማሪ ነኝና። በ1948 እ.ኤ.አ. ሩዶልፍ ፍሌሽ ያወጣው የተነባቢነት ቀመር በብዙ መጻሕፍት ይጠቀሳል። ቀመሩ ከ206.835 ተነሥቶ፣ የአንድ ዐረፍተ ነገር አማካይ የቃላት ብዛት በ1.015 ተባዝቶ፣ የአንድ ቃል አማካይ የቀለም ብዛት ደግሞ በ84.6 ተባዝቶ ይቀነስለታል። ውጤቱ ወደ 100 በቀረበ ቁጥር ጽሑፉ ቀላል ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ከባድ ነው። ፊደላችን እያንዳንዱ ቁምፊ ከነድምፁ የተጻፈበት ስለ ሆነ የቀለሙን ብዛት መቁጠር ለእኛ ይቀልላል ብዬ ተደሰትኩ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ አይዝም፤ መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። «አልነገረቻቸውም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ሲነበብ ግን ስድስት ቀለም ነው። ይህ አንድ ቃል ደግሞ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም ይዟል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃንም ያለ ችግር ይረዳዋል። በፍሌሽ ቀመር ቃላችን በአማካይ ሦስት ቀለም ቢኖረው እንኳ 84.6 በሦስት ተባዝቶ 253.8 ይሆናል፤ ይህም ዐረፍተ ነገሩ ሳይቆጠር ገና ከ206.835 ይበልጣል። በቀመሩ መሠረት የአክስቴ የሱቅ ጨዋታ ከዜሮ በታች፣ ማንም የማይረዳው ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው።

አማካሪዬ ይህን ባቀረብኩላቸው ጊዜ አልገረማቸውም። «ቀመሩ የተሠራለት ቋንቋ ግሡን መካከል ላይ ያስቀምጣል» አሉኝ። «የእኛ ግሥ የት እንዳለ እስቲ ተመልከት።»

ተመለከትኩ። በሰዋስው ትምህርት ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ የምንላቸውን ብቻ ከመክፈቻዬ ዐረፍተ ነገር ነጥዬ ሳወጣቸው የቀረው «ድርጅታችን ድርጅት ነው» የሚል ሆነ። ዐረፍተ ነገሩ በአጠቃላይ 39 ቃላት አሉት፤ ከ«ድርጅታችን» እስከ «ድርጅት ነው» ድረስ ያለው ሁሉ በመካከል የታጨቀ ነው። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ ይጓዛል፤ ሸክሙን የሚያወርደው አራት ነጥቡ ጋር ሲደርስ ነው። ረጅም ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ኃጢአት አይደለም። የጥንት ዜና መዋዕሎቻችን በረጅም ዐረፍተ ነገር ተጽፈው በደስታ ይነበባሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሐረግ አንድ ድርጊት ያደርሳል፤ ተነሣ፣ ሄደ፣ ሰፈረ፣ ተዋጋ። ሸክሙ በየመንገዱ ይራገፋል። የእኔ ግን «በመታገዝ»፣ «በማጣጣም»፣ «በማምረት»፣ «በማቅረብ» እያለ አንዱን ሳያደርስ ሌላውን ይጭናል። በስልክ ጠባብ መስኮት ላይ ደግሞ አንድ ረጅም የአማርኛ ቃል የመስመሩን ግማሽ ይይዛል፤ የእኔ አንድ ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ገጽ እይታ በሙሉ ሞልቶት ነበር። ደንበኛው ግሡን ለማግኘት በጣቱ ወደ ታች መግፋት ነበረበት። ማን ይገፋል?

ሌላም መለኪያ ሞከርኩ። ዊልሰን ቴይለር በ1953 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከጽሑፉ በየአምስት ቃሉ አንድ ቃል ይሰረዛል፣ አንባቢው ክፍት ቦታውን ይሞላል፤ በትክክል በሞላ ቁጥር ጽሑፉ ለእርሱ ተነባቢ ነው ይባላል። የመክፈቻ ዐረፍተ ነገሬን በዚሁ መንገድ ሰርዤ ለጥቂት ሰዎች ሰጠሁ፤ ለጎረቤት ሱቅ ልጆች፣ ለአንድ የታክሲ ረዳት፣ ለአብሮ አደጌ። እንደሚቸገሩ ጠብቄ ነበር። ሆኖም «በጠበቀ» ከሚለው ቀጥሎ «መልኩ»፣ «በተመጣጣኝ» ከሚለው ቀጥሎ «ዋጋ»፣ «ቀደም» ከሚለው በፊት «ግንባር» እያሉ ሳያመነቱ ሞሉት። የታክሲው ረዳት እየሳቀ ነበር የሚሞላው። በመለኪያው መሠረት ጽሑፌ እጅግ ተነባቢ ነበር!

ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት ግን «ይህ ሱቅ ምን ይሸጣል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ፋብሪካ ነው አለኝ። ሌላው «ልብስ መሰለኝ» አለ። የታክሲው ረዳት «መንግሥት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃላቱን ማንም ያውቃቸዋል፤ በየማስታወቂያው፣ በየሪፖርቱ፣ በየስብሰባው ስለ ሰማናቸው አንዱ ሲጀመር ሌላው በራሱ ይመጣል። የሚያስረዱት ነገር ግን የለም። ለጥናቴ ትልቁን ነገር ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ ለንግድ ጽሑፍ የሚበቃው ፈተና ደንበኛው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚደርስና በስንት እንደሆነ መናገር መቻሉ ነው። አክስቴ «የማን ነው?» ሲሉ ይህንኑ ፈተና ሰጥተውኝ ነበር፤ ወደቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝ ነው። በአክስቴ ፈቃድ ለሁለት ቅዳሜ ሱቅ ተቀምጬ ለደንበኛ የሚናገሩትን በማስታወሻዬ ያዝኩ። አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጥታ ሁለት ቀሚስ እያየች ስታመነታ የተናገሩትን ሳልነካ ላስቀምጠው፦ «ይኼ ፈትል ነው፣ ያኛው መነን ነው። ፈትሉ ወፈር ይላል፤ ይሞቃል። መነኑ ቀለል ይላል። ብዙ የምትጨፍሪ ከሆነ መነኑን ውሰጂ።» ሙሽራዋ መነኑን ወሰደች። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ይታወቃል፤ ማሰሪያው ሦስትና አራት ቃል ሳይቆይ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ደንበኛዋ ስለ ልብሱ ሳይሆን ስለ ራሷ እንድታስብ ያደርጋል። ጥራት የሚል ቃል አልተነሣም። ስለ ዘርፉም አልተነሣም። በአራት ዓመት የገበያ ትምህርት ያልጻፍኩትን ጽሑፍ ፊደል በቅጡ ያልዘለቁት አክስቴ በቃላቸው ይጽፉት ነበር።

አዲሱ መክፈቻ እንዲህ ሆነ፦ «የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ እንሸጣለን። ሁሉም በእጅ የተሸመነ ነው። ሱቃችን ሽሮ ሜዳ ነው። በልክዎ የሚሠራ ቀሚስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።» ሃያ ቃላት ናቸው። «እርስዎ» ማለቱን የመረጥኩት በክብር ብቻ አይደለም፤ አማርኛ በትእዛዝ ግሥ ላይ ወንድና ሴትን ስለሚለይ «እዘዝ» ወይም «እዘዢ» ብሎ ግማሹን ደንበኛ ከማግለል ለመዳን ነው። አክስቴ ግን ይህ ቋንቋ ትንሽ ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ እርሳቸው በሱቅ ገና ያልተዋወቁትን ሰው «እናቴ»፣ «ወንድሜ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ይህን በጽሑፍ ሞክሬው የሐሰት ፈገግታ መሰለኝና ተውኩት።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ባህላዊ አልባሳት» እንጂ «የሐበሻ ቀሚስ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልነበረም። ቀሚስ ፈልጎ «ባህላዊ አልባሳት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አላጋጠመኝም። ዋናው የሱቁ ማስታወቂያም በሥዕል መልክ የተሠራ ስለ ነበር በመፈለጊያ ሊገኝ የሚችል ጽሑፍ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህን ለማድረግ የሚያስገድድ ምክንያት ብዙም የለም፤ ልማዱ ግን ፊደላችን በየኮምፒዩተሩ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ይታይ ከነበረበት ዘመን ተርፎ እስካሁን አለ። ከዚያ በተጨማሪ በገጻችን ላይ ያለው መፈለጊያ «ሐበሻ»ንና «ሀበሻ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ለሞክሼ ፊደላት ትክክለኛ ቦታ ከሚከራከሩት ወገን ነኝ፤ ሆኖም ደንበኛ በስህተት ፊደል ስለ ጻፈ ባዶ እጁን ይመለስ ማለት አልችልም። አሁን በዕቃዎቹ መግለጫ ላይ ሁለቱም አጻጻፎች አሉ። አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህሬ ይህን ቢያዩ እንደማይደሰቱ አውቃለሁ።

ቀኖቹም በሁለቱ አቆጣጠሮች ተጻፉ፤ «ጥር 10 (ጃንዋሪ 18)» ተብለው። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2፡30» ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ በውጭ አቆጣጠር 8፡30 መሆኑ ተመልክቷል።

ያልተግባባነው በዋጋ ላይ ነው። ዋጋ ይጻፍ አልኩ። አክስቴ አይጻፍም አሉ። እኔ የሸማች መብት ጠቀስኩ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ማዘዙን ነገርኳቸው። እርሳቸው ሰምተው «ሽሮ ሜዳ መጥተህ ሳትከራከር የገዛህበትን ቀን ንገረኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ክርክሩ ከዕቃው ጋር የሚሸጥ ነገር ነው፤ ገዢዋ በመጨረሻ ያስቀነሰችው ገንዘብ ለልብሱ ያላትን ፍቅር ይጨምራል። ደግሞም የክር ዋጋ በየጊዜው ይለወጣል፤ በገጹ ላይ የተጻፈ ዋጋ ግን ማንም ካልነካው እንደ ተጻፈ ይቀራል። ጎረቤት ነጋዴም ያየዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በሌላ በኩል በስልክ የሚጠይቅ ሰው ዋጋ ካላየ ውድ ነው ብሎ ደምድሞ ያልፋል፤ ያለፈ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ከብዙ ቀን ክርክር በኋላ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር «ከዚህ ብር ጀምሮ» የሚል የመነሻ ዋጋና ዋጋው የተጻፈበት ቀን እንዲቀመጥ ተስማማን። አክስቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ልባቸው አልተቀበሉትም። በጥናቴ ውስጥ ይህን ክፍል እንዴት እንደምጽፈው ገና አልወሰንኩም፤ ግልጽ ጽሑፍ ሁልጊዜ ለሻጩ ይጠቅማል ብዬ ብጽፍ ከጎኔ ሆነው የሚስቁብኝ ሰው እንዳሉ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ከተለወጠ በኋላ ሽያጭ በዚህን ያህል ጨመረ ብዬ አንባቢን ላስደንቅ አልችልም። ወቅቱ ተለውጧል፣ በዓላት መጥተዋል፣ ዋጋ ራሱ ተለውጧል፤ የአንዱን ሱቅ ገቢ ከአንድ አንቀጽ ጽሑፍ ጋር ማያያዝ የተማርኩትን ዘዴ መክዳት ይሆንብኛል። በግልጽ ያየሁት የጥሪዎቹን ዓይነት መለወጥ ነው። ቀድሞ «ምን ትሸጣላችሁ?» ይሉ የነበሩት አሁን «የመነኑ ቀሚስ አረንጓዴ ጥለት አለው?» ይላሉ። «የት ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ በአብዛኛው ግን ደዋዩ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ከየትኛው ሱቅ አጠገብ እንደሆንን ይጠይቃል። አክስቴ ስልኩን አንሥተው ከበፊቱ ቶሎ ያስቀምጡታል፤ ወይም ከበፊቱ ረዘም ያለ ጊዜ ይነጋገራሉ፣ እንደ ደዋዩ።

ገጹ ከመውጣቱ በፊት እንደ መጀመሪያው ጊዜ አነበብኩላቸው። በዚህኛው ጊዜ ክሩን አስቀምጠው ነበር የሚሰሙት። «በልክዎ የሚሠራ ቀሚስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» ስል አስቆሙኝ።

«በመስከረምስ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። «ሸማኔዎቹ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ» አሉ። «ሦስት ሳምንት ብለህ ብትጽፍና በመስከረም ሰው ቢያዝ፣ እንደዚያች እናት ሌላ ሰው ላስለቅስ ነው?»

ለጋሞ ሰው መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል መሆኑን፣ በዚያን ሰሞን የሽሮ ሜዳ ሽመና ቤቶች ጸጥ እንደሚሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስጽፍ ግን አላሰብኩትም፤ ምክንያቱም ለድርጅት እንጂ ለሸማኔ አልጻፍኩም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን፣ እርሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍኩ፣ ከ«ሦስት ሳምንት» በታች ይህን ጨመርን፦ «በመስከረም አዲስ ትዕዛዝ አንቀበልም። ሸማኔዎቻችን ለመስቀል አገራቸው ናቸው።» ደጋግሜ አንብቤ የሚቀነስ ቃል አላገኘሁለትም። አክስቴም በዚህ ጊዜ የማን እንደ ሆነ አልጠየቁም፤ ክሩን አንሥተው ማጠንጠናቸውን ቀጠሉ።